ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የማስተርስ ስኮላርሺፕ፦ ከድሬ ሆኜ ከየት ልጀምር?

የከዚራዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ሀብትና መስኖ ምህንድስና ሐምሌ 2013 ተመርቄአለሁ፤ አማካይ ውጤቴ 3.31 ነው። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሙያዬ እየሠራሁ ነው። ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ከቤተሰብም ከኪሴም የሚጨመር ብር ስለሌለ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ካልሆነ አይሆንልኝም።

ግራ ያጋቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። እውነት ሁሉንም የሚሸፍኑት የትኞቹ ናቸው? በኔ ውጤትስ ይሞከራሉ? ኮስት ሼሪንግ ስላልጨረስኩ እጄ ላይ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ቅጂ) ብቻ ነው፤ ይበቃል? አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የግድ ነው ወይስ «የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ይሠራል? ደግሞ በቴሌግራም አንድ «አማካሪ» ግማሹን ብር አሁን፣ ግማሹን ስታልፊ ክፈይኝና ሁሉንም ሞልቼ ልላክልሽ ብሎኛል። ምን ትላላችሁ?

ደቻቱ ማዶ፦

ከመጨረሻው ልነሳ፦ አማካሪውን ተይው አቦ። የጀርመኑ ዳአድም፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስም፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግም፣ የቱርኩ የመንግሥት ስኮላርሺፕም የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም፤ በሦስተኛ ሰው በኩል የሚሄድ ማመልከቻም የላቸውም። ብሩ እንኳ ይቅር ቢባል፣ እነዚህ ሰዎች የማመልከቻውን ፖርታል የሚከፍቱት በራሳቸው ኢሜይል ነው። የቃለ መጠይቅ ጥሪ ወይም «ይህ ሰነድ ጎድሏል» የሚል መልእክት ሲመጣ አንቺ ጋ አይደርስም። ደብዳቤሽም ከሌላ አሥር ሰው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ይላካል፤ ገምጋሚዎቹ ደግሞ የአንድ አገር ማመልከቻዎችን ጎን ለጎን ነው የሚያነቡት።

አሁን ወደ ምርጫው። ላንቺ ልክሽ የሆነው በዳአድ ሥር ያለው፣ ለልማት ነክ ማስተርስ የሚሰጠው ኢፖስ የሚባል ስኮላርሺፕ ነው። ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሙያ ልምድ ይጠይቃል፤ አልፈሽዋል። የመጨረሻው ዲግሪሽ ስታመለክቺ ከ6 ዓመት በላይ መሆን የለበትም፤ ያንቺ እስከ ሐምሌ 2019 ይቆይልሻል። በወር 992 ዩሮ፣ የጤና ኢንሹራንስና የጉዞ ድጎማ አለው፤ የቪዛው ጣጣም ይቀልላል፣ ምክንያቱም በራሱ የሚማር ተማሪ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማስቀመጥ ያለበትን 11,904 ዩሮ ስኮላርሺፕ ማግኘትሽን የሚገልጸው ደብዳቤ ይተካዋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማመልከቻው የሚላከው ለዳአድ ሳይሆን ኮርሱን ለሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ነው። የኮርሶቹ ዝርዝር በየዓመቱ ይወጣል፤ ዴድላይኑ እንደየኮርሱ ይለያያል። በአንድ ዙር ቢበዛ ሦስት ኮርስ መምረጥ ይቻላል። ሦስት ብትመርጪም የሞቲቬሽን ደብዳቤው አንድ ብቻ ነው፤ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ ምርጫሽ እንደሆነና ለምን እንደሆነ እዚያው ውስጥ ትጽፊያለሽ። ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ «አንተ ነህ አንደኛዬ» ብሎ የተለያየ ደብዳቤ መላክ ያስጥላል። በውሃ በኩል የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲው ዋሬም የሚባል የውሃ ሀብት ምህንድስና ማስተርስ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው፤ ከእሱ ጀምረሽ እዪ።

ስለ ውጤትሽ አትስጊ። ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚቀይሩበት ቀመር አለ፦ ከፍተኛው ውጤት (4.0) ሲቀነስ ያንቺ (3.31)፣ ያ ለ2 ተካፍሎ (4.0 ሲቀነስ ማለፊያው 2.0)፣ በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። ያንቺ 2.03 ገደማ ይመጣል። እዚያ 1 ምርጥ፣ 4 ማለፊያ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች 2.5 ላይ ይቆርጣሉ፣ እሱም በኛ 3.0 ማለት ነው። ስለዚህ ውስጥ ነሽ። ግን ትራንስክሪፕትሽ ላይ የማለፊያው አማካይ ውጤት 2.00 መሆኑ ተጽፎ እንደሆነ ገልብጠሽ እዪ፤ ካልተጻፈ ከሬጅስትራር አንድ ገጽ ማብራሪያ አስጽፊ።

ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፍላል፣ የትምህርት ክፍያውንና ኢንሹራንሱን ይሸፍናል። ስንት ፕሮግራም ማመልከት እንደሚቻል አሁን ገደብ የለውም፤ አብዛኞቹ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ይቀበላሉ። ከኪሴ የምጨምረው የለኝም ስላልሽ ግን አንድ ነገር እወቂ፦ የቲኬትና የቪዛ ገንዘብ ለብቻው አይሰጥም፣ ከዚያው ከ1,400ው ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ደርሰሽ የባንክ ሒሳብ ከከፈትሽ በኋላ ነው የሚገባው። የቲኬቱን ብር የሚያበድር ዘመድ ከወዲሁ ማሰብ አለብሽ።

ቼቭኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት ነው፣ የአንድ ዓመት ማስተርስ፣ ቲኬትም ቪዛም ይከፍላል። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሳምንት 39 ሰዓት ቢታሰብ 72 ሳምንት ገደማ ስለሆነ ሞልተሻል። ሦስት ኮርስ ትመርጫለሽ፣ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ራስሽ ለብቻ ታመለክቻለሽ፣ ስትጨርሺ ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስ ግዴታ ነው። ከሱ ጋር የሚምታታው ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ግን ላንቺ አይሆንም። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፤ በየቴሌግራም ቻናሉ «ለአፍሪካውያን ሁሉ» እየተባለ ሲለጠፍ አትድከሚበት።

የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ስሙ ሙሉ ነው፤ ለማስተርስ ተማሪ የሚሰጠው በወር 43,700 ፎሪንት ግን ለምግብ እንኳ አይበቃም፣ ከቤት መጨመር ግድ ይላል። ቻይና ለማስተርስ 3,000 ዩዋን ከዶርም ጋር ትሰጣለች፣ ዕድሜ ከ35 በታች። ቱርክ ለማስተርስ ከ30 በታች ትፈልጋለች፣ ማመልከቻው በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትም ይጨመራል። አሜሪካ በማስተርስ ደረጃ ከፉልብራይት ውጪ ሙሉ ገንዘብ ማግኘት ከባድ ነው፤ እዚያ ገንዘቡ ያለው ፒኤችዲ ላይ ነው፣ በማስተማርና በምርምር ረዳትነት። እኔ ብጠየቅ ጉልበትሽን ኢፖስ፣ ሁለት ሦስት የኢራስመስ ፕሮግራምና ቼቭኒንግ ላይ አውዪው እላለሁ፤ አሥራ አምስት ቦታ መበተን ደብዳቤውን ያቀጥነዋል።

ቀፊራ፦

ደቻቱ ማዶ ምርጫውን ጨርሶታል። እኔ ስለ ወረቀቱ ልበል፣ ከዚህ አገር ሰው የሚወድቀው በውጤት ሳይሆን በወረቀት ነውና።

ለማመልከት ቴምፖራሪውና ስቱደንት ኮፒው ባብዛኛው ይበቃሉ፤ ሬጅስትራር ሄደሽ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚል ማህተምና ፊርማ አስደርጊባቸው። ሐረማያ ከድሬም ከሐረርም በሚኒባስ ሄዶ በግማሽ ቀን ይመለሱበታል፣ ስለዚህ አንዴ ስትሄጂ ሦስት አራት ቅጂ አስመቺ። ችግሩ የሚመጣው ካለፍሽ በኋላ ነው። ስትመዘገቢ ዋናውን ዲግሪ አምጪ ትባያለሽ፣ ዋናው ደግሞ ኮስት ሼሪንግ ሳይዘጋ አይወጣም። ከውጤት እስከ ምዝገባ ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ በዚያ ላይ ቪዛ አለ። ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሪው። መሥሪያ ቤትሽ ከደመወዝሽ በየወሩ እየቆረጠ ከሆነ ፋይናንስ ሄደሽ እስካሁን ምን ያህል እንደተቆረጠ በደብዳቤ አስጽፊ፤ ከዚያ ገቢዎች ጋ በስምሽና በቲን ቁጥርሽ መግባቱን አረጋግጪ። መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን ሁሉ በጅምላ አስገብቶት ከሆነ ክሊራንስ ስትጠይቂ ያንቺ አይታይም፣ ያኔ በቢሮ መሀል መመላለስ ነው። ቀሪው ሲታወቅ አንድ ላይ ከፍሎ መዝጋት ይቻላል፤ ክሊራንሱን ይዘሽ ሬጅስትራር ትሄጃለሽ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ። የኛ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት «ከጥቅምት 2015 ጀምሮ በመሥሪያ ቤታችን እየሠሩ ያሉ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ሁለት መስመር ነው፤ ለኢፖስ ይህ አይበቃም። ደብዳቤው የተጀመረበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሥራ መደቡን፣ ሙሉ ሰዓት መሆኑን፣ ዋና ዋና ተግባራትን በሦስት በአራት መስመር፣ የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም መያዝ አለበት። በእንግሊዝኛ ቢጽፉልሽ ይሻላል። እንቢ ካሉ በአማርኛው አውጥተሽ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት አስተርጉሚ፤ ያኔ ሁለቱን አንድ ፋይል አድርገሽ ነው የምታያይዢው። ትርጉሙ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቀን መቀየር ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ለዓመቱ 7 ይደመራል፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ደግሞ 8 ይደመራል። ጥቅምት 2015 ኦክቶበር 2022 ነው። ጸሐፊዋ በልማድ 8 ደምራ 2023 ብላ ከጻፈች አንድ ዓመት ልምድ በላችብሽ ማለት ነው። በተቃራኒው ሐምሌ 2013 ላይ 7 ብቻ ከተደመረ ዲግሪሽ 2020 ይሆንና ባንድ ዓመት ያረጃል። ትራንስክሪፕት፣ ሲቪና ልምድ ደብዳቤ ላይ ያሉት ቀኖች አንድ መሆናቸውን ራስሽ ቁጭ ብለሽ አመሳክሪ።

ስም ደግሞ እኛ አካባቢ የባሰ ነው። ሙሐመድ በአንድ ኤም ነው በሁለት፣ መጨረሻው ኢ-ዲ ነው ኤ-ዲ? ጫልቱ በቁቤ በሲ ትጀምራለች፣ ዲግሪው ላይ በሲ-ኤች ተጽፋለች። የ12ኛ ክፍል ወረቀት፣ ዲግሪና ፓስፖርት ሦስት ዓይነት ከሆኑ ፖርታሉ ባይጥልሽም ኤምባሲ ላይ ትጠየቂያለሽ። ፓስፖርት ገና ካላወጣሽ ቀላሉ መንገድ የልደት ሰርተፍኬቱና ፋይዳው ላይ ያለውን አጻጻፍ አስቀድሞ ከዲግሪው ጋር ማመሳሰል ነው፤ ፓስፖርቱ የሚከተለው እነሱን ነው። ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚገባው የአያት ስም ስለሆነ ፖርታሎቹ ላይም እንደ ፓስፖርቱ ሙዪ። አንዱ ላይ የአባት፣ አንዱ ላይ የአያት አታድርጊ።

ስካኑን በስልክ አታድርጊው። ጥላ ይገባበታል፣ ነጻው አፕ ከታች የራሱን ስም ያትምበታል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደሽ በቀለም አስደርጊ፣ ሰማያዊው ማህተም ጥቁር ሆኖ ከወጣ ኮፒ ይመስላል። አንዳንድ ፖርታል ከ2 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ጥራቱን ከ200 ዲፒአይ ሳታወርጂ አሳንሺው።

ጀጎል በር፦

ስለ እንግሊዝኛው። «የትምህርት ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነበር» የሚለውን ደብዳቤ ሬጅስትራር ይጽፍልሻል፤ የሚቀበሉም አሉ። ግን ቃሉን በደንብ አንብቢ። የኮርሱ ገጽ ላይ «አይኤልትስ ወይም ቶፍል» ብሎ ውጤቱን በቁጥር ካስቀመጠ ደብዳቤው አይሠራም። «የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ» ብቻ ካለ በኢሜይል ጠይቂና መልሱን አስቀምጪ። ኢሜይሉን ስትጽፊ ኮርሱን፣ ዩኒቨርሲቲሽንና የተመረቅሽበትን ዓመት በአንድ አንቀጽ አስገቢ፤ «ጥያቄ አለኝ» ብቻ ብሎ የተላከ አይመለስም።

እኔ ግን ደብዳቤው ላይ አትደገፊ ባይ ነኝ። አይኤልትስ ለሁሉም ይሆናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ሁለት ዙር ታመለክቺበታለሽ። የተለመደው ጥያቄ 6.5 ነው፣ ብዙ ጊዜ በአንዱም ክፍል ከ6 በታች እንዳይሆን ከሚል ጋር። ከዚህ የሚሄድ ሰው የሚጥለው ጽሑፉ ነው፤ ማዳመጥና ማንበብ ላይ ጥሩ ይዞ ጽሑፍ ላይ 5.5 ማምጣት የተለመደ ነው። ምክንያቱ ቋንቋ አይደለም፦ ሁለተኛው ድርሰት 250 ቃል ይጠይቃል፣ ከመጀመሪያው ሁለት እጥፍም ይመዝናል፣ ሰው ግን በመጀመሪያው የግራፍ ጥያቄ ጊዜውን ይጨርሳል። ግራፉን 20 ደቂቃ ላይ ቁረጪና ለድርሰቱ 40 ተዪለት። ፈተናው አዲስ አበባ ስለሆነ የጉዞና የማደሪያውን አብረሽ አስቢ፤ የኮምፒውተሩን ከወሰድሽ ውጤቱ በቀናት ውስጥ ይደርሳል።

ዱኦሊንጎ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ርካሽ ነው፣ ቤት ሆኖ አንድ ሰዓት ነው። የሚቀበሉት ግን ጥቂት ናቸው፤ ለኢፖስና ለኢራስመስ መጀመሪያ የኮርሱን ገጽ እዪ። በፈተናው መሀል መብራት ቢጠፋ፣ ሰው ክፍሉ ቢገባ ወይም ዓይንሽ ከስክሪኑ ቢነሳ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል። ድሬ ላይ ከሆነ ላፕቶፑን በሙሉ ባትሪ፣ ኢንተርኔቱን በስልክ ዳታ አድርገሽ ነው መቀመጥ ያለብሽ። የቤት ዋይፋይ ከመብራቱ ጋር ነው የሚሄደው።

አገር ውስጥ ለማስተርስ የሚጠየቀው ጋት ለውጭ ስኮላርሺፕ አያስፈልግም፤ እሱን ጠብቂ የሚልሽን አትስሚ።

ገንደ ቆሬ፦

የሞቲቬሽን ደብዳቤ ላይ ማንም ስላልነካ እኔ ልግባበት። ለኢፖስ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፣ በእጅ ይፈረምበታል፣ ቀን ይጻፍበታል። ሲቪውም ዩሮፓስ በሚባለው ፎርም ሆኖ በእጅ ይፈረማል። ያልተፈረመ ማመልከቻ ሳይነበብ ይጣላል፣ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው።

አሁን ከድሬ የሚሄድ የውሃ ተማሪ የሚጽፈውን ልንገርሽ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ውሃ የማጥናት ፍላጎት ነበረኝ። ጀርመን በቴክኖሎጂ የላቀች አገር ናት። ዕድሉን ካገኘሁ አገሬን አገለግላለሁ።» በዚህ ውስጥ አንቺ የለሽም። የካምፓላም የዳካም ሰው ሊፈርምበት ይችላል። ትንሽ የሚሻለው ደግሞ በ1998ቱ የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ይጀምርና ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ ጽፎ እዚያው ያለቅሳል፤ ገምጋሚው ግን ጎርፉን ሳይሆን አንቺን ነው የሚመርጠው።

ይህን አስተያዪው፦ «በድሬዳዋ በሳቢያን የውሃ ጉድጓዶች አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው የናይትሬት ችግር እንዳለበት በጥናት ይታወቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። እኔ የምሠራበት ክፍል ናሙና ይወስዳል፣ ውጤቱን ይመዘግባል፤ ብክለቱ ከየትኛው የከተማው ክፍል ተነስቶ በየት በኩል ወደ ጉድጓዶቹ እንደሚደርስ የሚያሳይ ሞዴል ግን የለውም፣ የሚሠራ ባለሙያም የለም። የእናንተ ኮርስ በሁለተኛው ሴሚስተር የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሊንግ ስላለው ነው አንደኛ ምርጫዬ ያደረግሁት።» አምስት መስመር አይሞላም። ችግሩ፣ የጎደለው እውቀትና ኮርሱ በአንድ ክር ተያይዘዋል። ይህን ቃል በቃል አትውሰጂው፣ በመሥሪያ ቤትሽ የምትሠሪውን ጻፊ፤ ናሙና የማትወስጂ ከሆነ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ ያጋልጥሻል። የኮርሱን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር አውርደሽ ሁለት ሦስቱን በስማቸው ጥሪ። ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ የሚለው ላይ «ለውጥ አመጣለሁ» አትበይ፤ የትኛው ክፍል፣ ምን ሥራ፣ በማን መረጃ።

ሲመዝኑት የመጀመሪያው ግማሽ ገጽ አሁን ስለምትሠሪው፣ አንድ ገጽ ያህል ስለ ኮርሶቹና ቅደም ተከተላቸው፣ የቀረው ስለ መመለሻው ቢሆን ጥሩ ነው። ስለ ቤተሰብ አንድ ዓረፍተ ነገር ካስፈለገ ብቻ። የቼቭኒንግ ድርሰቶች ሌላ ናቸው፦ እዚያ ስለ መሪነትሽና ስለ ግንኙነትሽ ነው የሚጠይቁሽ፣ የሚፈልጉትም አንድ የተፈጸመ ነገር ነው፤ ምን ነበር ችግሩ፣ አንቺ ምን አደረግሽ፣ ምን ተለወጠ። «እኛ» የሚለው ቃል የበዛበት ድርሰት አይሆንም።

ሪኮመንዴሽን ሁለት ነው ለኢፖስ፣ አንድ ከመምህር፣ አንድ ከአሠሪ። የመሥሪያ ቤቱ ርዕስ ያለበት ወረቀት፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ የቅርብ ቀን። ዓምና ያወጣሽውን ደብዳቤ ይዘሽ አትቅረቢ። ኢራስመስ ላይ ብዙዎቹ ለመምህሩ ራሱ ሊንክ ይልካሉ፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉን ስጪ፣ ጂሜይል ብቻ ካለው አንዳንድ ፖርታል አይቀበልም። ሊንኩ ስፓም ውስጥ ስለሚገባ ደውለሽ አረጋግጪ። መምህራን ሁልጊዜ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ከዴድላይኑ አንድ ወር ቀድመሽ ጠይቂ፣ ከተቻለ ከበርጫ (ጫት መቃሚያ) ሰዓት በፊት። ስትጠይቂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፦ ሲቪሽን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ፣ በእሱ ኮርስ ያመጣሽውን ውጤትና የኮርሱን ሊንክ በአንድ ኢሜይል ላኪለት። ያለዚያ የሚጽፈው «መልካም ጸባይ ያላት፣ ታታሪ ተማሪ ነበረች» ነው፤ ጥሩ ቃል ነው ግን ነጥብ አያመጣም። ከክፍሉ ስንተኛ እንደነበርሽ፣ ጥናቱን እንዴት እንደሠራሽው ቢጽፍ ይበልጣል። ሁለቱን ደብዳቤ አንቺው ረቂቅ ጽፈሽ ካስፈረምሽ ደግሞ አንድ ዓይነት አነጋገር ይዞ ይታያል፤ ነጥብ ስጪ እንጂ ሙሉውን አትጻፊላቸው።

የከዚራዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ የወር ሥራ ነው የሰጣችሁኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ለኢፖስ ስመለስ ወደ ሥራዬ እንደሚመልሱኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል የሚል አየሁ፤ አለቃዬ «እንዲህ ያለ ቃል መግባት አልችልም» አለኝ። ሁለተኛ፣ ባለትዳር ነኝ፣ የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። ይዤያቸው መሄድ እችላለሁ?

ቀፊራ፦

እህቴ፣ የመመለሻው ደብዳቤ «ከተቻለ» የሚባል ነው፤ የሁለት ዓመት ልምድ ማረጋገጫው ግን ግዴታ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ለማስጻፍ ስትሞክሪ ነው አለቃ የሚፈራው። ለይተሽ ጠይቂ፤ የልምዱን መጀመሪያ። ከዚያ ሁለተኛውን «ለመቀበል ዝግጁ መሆናችንን» ወይም «የምታገኘው እውቀት ለመሥሪያ ቤቱ ጠቃሚ መሆኑን» በሚል ቀለል ያለ ቃል አቅርቢለት። ያንንም እንቢ ካለ ያለሱ አስገቢ፣ ዴድላይን አታሳልፊበት። ካለፍሽ በኋላ ግን የትምህርት ፈቃድሽን በጽሑፍ ጠይቂ። ሳታስፈቅጂ ከሄድሽ ሥራ ጥሎ እንደሄደ ሰው ትቆጠሪያለሽ።

ደቻቱ ማዶ፦

ስለ ቤተሰብ፦ ዳአድ እንደ ሁኔታው አብረውሽ ለሚኖሩ ባልና ልጅ ድጎማ ይጨምራል፣ የኮርሱን አስተባባሪ ሳታልፊ አትጠይቂ፤ ካለፍሽ በኋላ ነው። ኢራስመስ ለቤተሰብ የሚጨምረው የለም፤ ከዚያም በላይ በትምህርቱ መሀል አገር ስለሚቀየር በልጅ ከባድ ነው። እንግሊዝ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ለአብዛኞቹ የማስተርስ ተማሪዎች ቤተሰብ ይዞ መግባትን ከልክላለች፤ በመንግሥት ስኮላርሺፕ የሚሄድ ግን ከክልከላው ውጪ ስለሆነ በቼቭኒንግ መሄድ ይቻላል። የነሱ ቪዛ፣ የጤና ክፍያና ኑሮ ግን ከቼቭኒንግ አይመጣም፣ ካንቺ ነው።

አንድ የተረሳ ነገር ስለ ሰዓቱ። አውሮፓ ላይ «ማታ 23:59» ሲሉ በክረምታቸው እኛ ጋ ሌሊት 7፡59 ነው፣ ከኦክቶበር መጨረሻ በፊት ከሆነ 6፡59። ይህ በጎ ነው፣ ተጨማሪ ሰዓት አለሽ። ቼቭኒንግ ግን የሚዘጋው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ኦክቶበር ላይ ከሆነ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ኖቬምበር ላይ ከሆነ 9 ሰዓት። «ማታ እልከዋለሁ» ብሎ ምሳ የበላ ሰው ተዘግቶ ያገኘዋል። ሁሉንም ከሁለት ቀን በፊት ላኪና «ደርሷል» የሚለውን ኢሜይል ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ።